ማንጎ በጥር አይገረዝም

የማንጎ ዛፍ መግረዝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ፍሬው ተለቅሞ እስኪያልቅ ይጠብቅ። ከዚያ የደረቀውን፣ የታመመውንና ወደ ውስጥ ያደገውን ቅርንጫፍ እየመረጠ በተሳለ መጋዝ ይቁረጥ። ጥቂት ቆርጦ ይውረድና ራቅ ብሎ ይመልከት። አናቱን አይንካ። አበባ ላይ ላለ ማንጎ ደግሞ መሰላል አያስጠጋ። ይህን ሁሉ ዛሬ እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣዋለሁ። ጁባ ውስጥ መጋዝ ይዤ ዛፍ ላይ የወጣሁ ቀን ግን ከዚህ ውስጥ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሰላል ማስጠጋት።

በደቡብ ሱዳን ሰላሙ ከወረደ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ማላኪያ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ምግብ ቤት ከፍቼ እኖር ነበር። ግቢው የማማ ፖኒ ነው። ማማ ፖኒ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ፣ የባሪ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ናቸው። ጦርነቱ ሲመጣም ሲሄድም ከዚያ ግቢ አልወጡም። እሳቸው ከኋላ ባሉት ክፍሎች ይኖራሉ፤ እኔ ከፊት ያለውን ተከራይቼ ጥብስና ሽሮ እሸጣለሁ፤ ከሁለታችን መካከል ማንጎው ቆሟል።

ማንጎ ስላችሁ ትንሽ ዛፍ እንዳይመስላችሁ። አናቱ ከሩቅ መንገድ ይታያል። ጁባ ያኔ የመንገድ ስም የሚባል ነገር ስለማታውቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቱን የሚያመለክተው በእሱ ነበር። «ከማንጎው ቀጥሎ»፣ «ከማንጎው ሳትደርስ»፣ «ማንጎውን አልፈህ ውሻ ካለበት በር» ይባላል። እኔም ደንበኞቼን ያፈራሁት በጥብሴ ጣዕም ሳይሆን በዛፉ ቁመት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ታዲያ ምን አደረገህ ትሉኝ ይሆናል። ፍሬው ነዋ! በመከር ጊዜ የበሰለ ማንጎ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ተምዘግዝጎ የቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ ያርፋል። ድምፁ ሌላ ከተማ ውስጥ ቢሆን ያስቃል። ጁባ ውስጥ ግን ቆርቆሮ ጓ ሲል ሰው ሁሉ መሬት ይይዛል። አንድ ቀን ሽሮ የሚበሉ አንድ ሸበቶ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ሥር ገብተው አገኘኋቸው። ቀስ ብለው ወጡ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሳይሰናበቱኝም ሄዱ። አልሳቅሁም። ስንት ዓመት ያዳናቸውን ልምድ አንድ ማንጎ ሊያስረሳቸው አይችልም። እሳቸው ግን ዳግመኛ አልመጡም፤ እኔም በልቤ ያን ዛፍ ቂም ያዝኩበት።

ጥር ሲገባ ጋሽ ሙሉጌታን አማከርኩት። ጋሽ ሙሉጌታ የምግብ ቤቱ ሥጋ ቆራጭ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በእርግጠኝነት ደግሞ ከማውቀው ሰው ሁሉ ይበልጣል።

«አባቴ ሆለታ ኮክ ነበራቸው፤ በየዓመቱ ጥር ላይ የምገርዘው እኔ ነኝ» አለኝ ቢላውን እየሳለ። «አሁን ነው ጊዜው። አናት አናቱን ብለህ ነው። ለዛፍ ከራራህለት ይንቅሃል።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማንጎ ነው።»

«ዛፍ ዛፍ ነው! በሬና በግ አበላለታቸው ይለያያል እንዴ?»

ስለ ብልት ከሥጋ ቆራጭ ጋር አይከራከሩም። ዛፉ በዚያን ሰሞን አበባ በአበባ ሆኖ ተንዠርግጓል፤ ንብ ይርመሰመስበታል። እኔ አበባውን ያየሁት ቆርቆሮዬ ላይ ሊወርድ እንደተዘጋጀ ጥይት ነው። ሳያፈራ መቅደም!

ፈቃድ አልጠየቅህም እንዳትሉኝ ጠይቄአለሁ። ማማ ፖኒ ዘመድ ታሞባቸው ወደ ገጠር ሊሄዱ እቃቸውን ሲያስሩ ደረስኩ። የጁባ ዐረብኛዬ ከገበያና ከሰላምታ አያልፍም። «ሰደራ» ብዬ ዛፉን አሳየኋቸው፣ በመዳፌ ክንዴን እንደ መጋዝ ፈተግሁት፣ ከዚያም ጣሪያዬን አሳየኋቸው። ዛፉን አዩት፤ ጣሪያውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ሹያ፣ ሹያ» አሉኝ። ትንሽ ትንሽ ማለት ነው።

ትንሽ ሁልጊዜ ለተናጋሪውና ለሰሚው እኩል አይደለም።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት ጀመርን። እውነቱን ለመናገር አጀማመራችን ጥሩ ነበር። ጣሪያው ላይ የተንጋለለውን ትልቅ ቅርንጫፍ በገመድ አስረን፣ ገዝግዘን፣ በሰላም አወረድነው። እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩት። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ራቅ ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ ዛፉ ወደ ግራ አዘንብሏል አለ። ለማመጣጠን ከግራ ቆረጥን። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መሰለ። ከቀኝ ቆረጥን። ሰፈራችን ውስጥ ጎፈሬህን አስተካክለዋለሁ ብሎ እያመጣጠነ መላጣ የሚያደርግ ጸጉር አስተካካይ አውቃለሁ፤ ስሰድበው የኖርኩትን ያን ሰው በዚያች ቀን በሚገባ ተረዳሁት።

አናቱ ላይ ስንደርስ ጉንዳን ገጠመን። ማንጎ ላይ ቅጠል ሰፍቶ ቤት የሚሠራ ቀይ ጉንዳን አለ። ጋሽ ሙሉጌታ መጋዙን ወርውሮ፣ ዛፉን በጭኖቹ ብቻ ይዞ፣ ሸሚዙን አወለቀ። ቀጥሎ ሱሪውን ሊያወልቅ ሲታገል በግማሽ የተገዘገዘው አናት ክብደቱን አልቻለም። ጧ አለ። ቅርንጫፉ ከነአበባው፣ ከነንቡ፣ ከነጉንዳኑ ወርዶ የቴሌቪዥኑ ዲሽ ላይ አረፈ።

ውስጥ ኳስ ይታይ ነበር። የፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ነው። ቴሌቪዥኑ ነጭ ሲሆን ቤት ሙሉ ደንበኛ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጋሽ ሙሉጌታን ግማሽ ራቁቱን ከአናቱ በቀረው ጉቶ ላይ ተቀምጦ አዩት። ዲሹን እንደ ተረገጠ ሰሃን ተጨራምቶ አዩት። ከዚያ ዛፉን አዩት፤ ዛፉን ሲያዩ ስለ ኳሱ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እኔም ያኔ ነው ከመሰላሉ ወርጄ ያየሁት። አባቱ ሞቶበት ራሱን የተላጨ ሐዘንተኛ ይመስላል። ግቢው ውስጥ እስከዚያች ቀን ደርሳ የማታውቅ ፀሐይ ደጃፌ ላይ ተዘርግታ ትጠብቀኛለች።

ከማግስቱ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው መምጣት ጀመረ። ደንበኛ በዛልኝ ብዬ ወንበር አቀረብኩ። የሚያዝ ግን የለም። አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ቀና ብለው አዩ፣ «ማሌሽ»፣ አይዞህ እንደማለት ነው፣ አሉኝ፣ ዝም ብለው ጥቂት ተቀመጡ፣ ሄዱ። ሁለት ሴቶች መጡ፤ «ማሌሽ» ብለው ተቀመጡ። እኛ አገር ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ፊቱ በጉንዳን አብጦ ከኩሽና ብቅ ይልና «ምን ፈልገው ነው?» ይለኛል። ሻይ አቀረብኩላቸው። ለቀስተኛ ባዶውን አይሸኝም።

ማማ ፖኒ ሲመለሱ በሩ ላይ ነበርኩ። በቦዳቦዳ ሞተር ተፈናጠው መጡና እኛን አልፈው ሄዱ። ረሱት እንዳልል፣ በዚያ በር ዕድሜ ልካቸውን ገብተው ወጥተዋል። ከማዶ ጥግ ሲደርሱ ሞተሩ ቆመ። ወረዱ። ጥቅላቸውን ይዘው ግራና ቀኝ እያዩ በእግራቸው ተመለሱ። ለካ ለነጂው «ማንጎው ጋ ስትደርስ አቁም» ብለውት ነው፤ ሁለቱም ማንጎውን እየጠበቁ አለፉት።

ይጮሁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቢጮሁብኝ በወደድኩ። ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ መሬት ላይ የተከመረውን የደረቀ አበባ በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ከዚያም ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ከማዶ ሱቅ ያለውን ከድርን ጠራሁት። ከድር የጅማ ልጅ ነው፤ ዐረብኛው እንደ ውሃ ይወርድለታል። ይቅርታዬን እንዲነግርልኝ ለመንኩት። ነገራቸው። ማማ ፖኒ በሰከነ ድምፅ መለሱለት፤ ከድር ወደ እኔ ዞረ።

«'የዘንድሮ ፍሬ ጠፋ፤ ግድ የለም፤ ይመለሳል' ይላሉ» አለኝ። «'እኔ የማስበው ወንድሜን ዋኒን ነው' ይላሉ። በጦርነቱ ጊዜ ካርቱም ሄዶ ቀርቷል። ድምፁን ከሰሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሲለያዩ 'ሰላም የሆነ ቀን ጁባ ብትለወጥ እንኳ ማንጎውን አይቼ እመጣለሁ' ብሏቸው ነበር። አሁን ሰዉ ከካርቱም በጀልባ እየተመለሰ ነው። 'ዋኒ በምን ያገኘናል?' ይላሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሸ። ግንዱን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ኖራ ቀባሁት፤ ይህን ማማ ፖኒ ናቸው ያሳዩኝ። ጋሽ ሙሉጌታ በበኩሉ ረጅም አጣና አስተከለና ጫፉ ላይ ሰማያዊ ጀሪካን ሰቀለ። «ይኸው ምልክት! ከአውሮፕላን ይታያል!» አለ። ማማ ፖኒ ጀሪካኑን አይተው ለከድር የተናገሩትን ከድር እየሳቀ ነገረኝ፤ «ዋኒ የሚያውቀው ዛፍ ነው፤ ጀሪካን አያውቅም።»

ደረቁ ወቅት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ማማ ፖኒ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከድር ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰላም አላቸው፤ በዚያው እግረ መንገዱን አንድ ነገር ነገራቸው። ማማ ፖኒ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ሲሉ አየሁና ሮጥኩ።

«ምን አልካቸው?»

«እኔ ምን ብዬ!» አለ ከድር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጠዋት አንድ ትልቅ ሰውዬ መጡ። ሻንጣ ይዘዋል። ውሃ ገዙኝ፤ 'እዚህ ጋ ትልቅ ማንጎ አልነበረም ወይ?' አሉኝ። 'ነበረ፤ ተቆረጠ' አልኳቸው። 'ማን ቆረጠው?' አሉኝ። 'ሐበሻው፤ አሁን ያለው ሐበሻ ነው' አልኳቸው። ማንጎውን የሚጠይቅ መንገደኛ ብዙ ስለሆነ ዋኒ ትዝ አላለኝም። ምግብ ቤቱን ማለቴ ነበር እኮ! ሰውየው ዛፉን ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ ቶሪት ከተማ የሚሄድ መኪና ከየት ነው የሚነሳው አሉኝ። ከናይል ድልድይ ማዶ፣ ከጉምቦ አልኳቸው።»

ነገሩ እንደ ገደል ወለል ብሎ ታየኝ። የዚያ ቤት ሰው በሕይወት እያለ ያን ዛፍ አያስቆርጥም። ዛፉ ተቆርጧል፤ ግቢው በባዕድ እጅ ነው። ስለዚህ ሰው የለም። ዋኒ ያን ሁሉ ወንዝ በጀልባ ተጉዞ መጥቶ፣ ከእህቱ ደጃፍ ላይ ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

«እንሂድ!» አልኩ። «ማማ፣ ይነሱ፣ እንሂድ!»

ማማ ፖኒ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከበራቸው እንደማይነቃነቁ፣ ቢመለስ ሰው ማግኘት እንዳለበት ለከድር ነገሩት። ከዚያ የእኔን እጅ ያዙና ቀስ ብለው፣ ዐረብኛቸውን ለእኔ እያቀለሉ፣ ሰውየው ካላመነኝ ምን እንደምለው ነገሩኝ። ማንጎውን ማን ተከለው ብለህ ጠይቀው አሉኝ። መልሱ አባታችን አይደለም። መልሱ «ገነማያ» ነው። ፍየል! አንዲት ፍየል የበላችውን ማንጎ ዘር እዚያ ቦታ ተፍታው በቅሎ፣ አባታቸው ሳቅ ብለው «ይህን የተከለችው ፍየሏ ናት» ይሉ ነበር። ከቤቱ ልጆች በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።

ከድር ሱቁን ዘጋ፤ የሰውየውን መልክ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ቦዳቦዳ አስቁመን ሁለታችንም ከነጂው ኋላ ተደራረብን። ከድር መሐል ሆነ፤ እኔ ከጭራው ላይ በአንድ ጎኔ ተንጠለጠልኩ። የናይል ድልድይ ላይ ስንደርስ የመኪናው ሰልፍ አይንቀሳቀስም። ብረቱ ከሥራችን እየተንገጫገጨ በጭነት መኪናዎች መካከል ሾለክን። ነጂው «ቀስ ልበል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከድር «ፍጠን!» ይላል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያምን እጠራለሁ።

ጉምቦ ስንደርስ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ጭነት መኪናዎች ሞተር አስነስተው ቆመዋል። በየመኪናው ላይ ሰው ከሲሚንቶና ከፍራሽ ጋር ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ሁሉም ከአቧራው የተነሣ ፊቱን ሸፍኗል። ከድር አንዱን መኪና ዞረ፣ ሌላውን ዞረ።

«ሁሉም ተሸፍነዋል! ማንን ልለይ?» አለኝ።

የፊተኛው መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሁለት እጄን አንስቼ ጮህኩ።

«ገነማያ! ገነማያ!»

መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ነጋዴ ወዲያው ፍየል እየጎተተ መጣልኝ። «ይህን እየው፣ የሰባ ነው» ይመስለኛል የሚለኝ። ሌላው ቀደመውና ሁለት ፍየል በገመድ እጄ ላይ አስያዘኝ። እኔ «ማፊ፣ ማፊ፣ አልገዛም!» እያልኩ፣ ወዲያው ደግሞ «ገነማያ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ለእነሱ እየተከራከርኩ የምጮህ ገዢ ነኝ፤ ፍየሉ እየበዛ ሄደ። አንዷ ሸሚዜን ማኘክ ጀመረች። ከድር ከመኪናው ጎን እየሮጠ በዐረብኛ «ማንጎውን ማን ተከለው? ማንጎውን ማን ተከለው?» ይላል። ሕዝቡ ይስቃል። እኔ ግን እንባዬ እየመጣ ነበር። አንድ መኪና እህትና ወንድምን ለዘለዓለም ሊለያይ ጎማው እየተንከባለለ ነው፤ እኔ በፍየል ተከብቤ ቆሜአለሁ።

መኪናው ላይ፣ ከፍራሾቹ ጫፍ፣ አንድ ሰው ከፊቱ ላይ ጨርቁን ገለጠ። ሽማግሌ ነው። አልሳቀም። የመኪናውን ጣሪያ በጡጫው መታ፤ መኪናው ቆመ።

«ማን ነው ይህን የነገረህ?» አለ ወደ ከድር ጎንበስ ብሎ።

«ፖኒ» አለ ከድር።

ሽማግሌው ሻንጣውን እንኳ ሳያነሳ መውረድ ጀመረ፤ እኔና ከድር ከሥር ሆነን ተቀበልነው። ክብደት አልነበረውም። ሻንጣውን ተሳፋሪዎቹ ወረወሩልን።

በሚኒባስ ስንመለስ ድልድዩ ላይ ሰልፉ አሁንም ነበር። ዋኒ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ ከድርን «በዓይንህ አይተሃታል?» ብሎ ጠየቀው። «ዛሬ፣ አሁን አይቻቸዋለሁ» አለው ከድር። ዋኒ ሻንጣውን አቅፎ ወደ ውሃው ዞረ።

ማማ ፖኒ በሩ ላይ፣ ጥላ ስለሌለ ፀሐይ ላይ፣ ቆመው ጠበቁን። አልሮጡም። እሱም አልሮጠም። በሁለቱ መካከል ጥቂት እርምጃ ሲቀር ቆመ። እሳቸው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያም በቁጣ፣ ልጅ እንደሚቆጣ ሰው፣ አንድ ነገር ተናገሩት። ከድር በጆሮዬ ተረጎመልኝ።

«ደጃፌ ድረስ መጥተህ ለምን አላንኳኳህም? ገብተህ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?»

ዋኒ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ብጠይቅ ሞታለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለ። «ካልጠየቅሁ ግን አለሽ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ ከድርም እኔም ፊታችንን ወደ መንገዱ አዞርን።

ሲረጋጉ ጋሽ ሙሉጌታ ወንበር አወጣላቸው፤ ኖራ የተቀባው ግንድ ሥር ተቀመጡ። ግንዱ ላይ ጣት የሚያህል ቀላ ያለ አዲስ ቅጠል ብቅ ብቅ ብሎ ነበር። ማማ ፖኒ ወደ እኔ ዞረው በእጃቸው በሩን አመለከቱኝ። ገባኝ። ያሉትን ደንበኞች አስወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ዘጋሁ፣ ጋሽ ሙሉጌታን ወደ ኩሽና ላክሁ፣ እኔ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከውስጥ የሚሰማኝ ባሪኛ ነው፤ አንድ ቃል አላውቅም። ግን የሚያወሩትን ለማወቅ ቋንቋ አላስፈለገኝም። የዘመድ የጎረቤቱን ስም ነው እየጠሩ የሚጠያየቁት። ዋኒ አንድ ስም ይጠራል፤ ማማ ፖኒ ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ሌላ ስም ይጠራል፤ ማማ ፖኒ ዝም ይላሉ። እሱም ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስም ይጠራል። አንዳንዴ የሚጠሩት እሳቸው ይሆናሉ፤ ካርቱም ሄደው የቀሩትን ነው መሰለኝ። ሳቅ፤ ከዚያ ዝምታ፤ ዝምታ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅ።

ለምሳ የመጡትን ሁሉ «ዛሬ ዝግ ነው» እያልኩ መለስኩ። አንድ የአገሬ ልጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሲያየኝ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ምን ሆናችሁ? ሐዘን ነው፣ ደስታ?»

ከውስጥ ዋኒ ሌላ ስም ጠራ። ልጁን ቆይ ብዬ በእጄ አስቆምኩትና ማማ ፖኒ እስኪመልሱ አብረን ጠበቅን።